አራት ኪሎ ያለችው ኢንተርኔት ቤት፦ ኔቱ አሪፍ፣ ጥንቃቄው ዜሮ

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነች፣ ስሟን ልተወው። ለፕሪንትና ለስካን አሪፍ ናት። ኔቱ ይፈጥናል፣ የምታስተናግደው ልጅም ትሁት ናት።

ችግሩ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጂሜይሉን ሳይዘጋ ነው የሄደው፣ ብሮውዘሩ ያገኘውን ፓስወርድ ሁሉ ያስቀምጣል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች የክፍል ጓደኛቸውን ፌስቡክ ለመክፈት ፓስወርድ እየገመቱ ሲሳሳቁ ምን እየሠራችሁ ነው ያላቸው የለም። አንዱ «ደሞ ማን ሊይዘን!» አለ።

ኧረ ይያዛል! በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ያለፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀጣል። አገልግሎት ሰጪውም የትራፊክ ዳታውን (የማን ግንኙነት መቼ፣ ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚያሳየውን መዝገብ) ለ1 ዓመት የማቆየት ግዴታ አለበት። በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ ጉራ የማይነዛ ማን አለ? እ.ኤ.አ. በ2000 የያሁ (Yahoo) ድረ ገጽን ከአገልግሎት ውጪ ያደረገው የ15 ዓመት ካናዳዊ ፖሊስ የደረሰበት ቻት ሩም ውስጥ ሲፎክር ነው።

ባለቤቱ ሰው በተነሳ ቁጥር ብሮውዘሩ ላይ የቀሩትን ፓስወርዶችና ክፍት አካውንቶች ቢያጠፋ ምን ነበረበት? ለፕሪንት እመለሳለሁ፣ ኢሜይሌን ግን እዚያ አልከፍትም። ከ5 ኮከብ 3።