መብራት ሲመለስ ስማርት ሪሌው ምን ያድርግ?
ስማርት ሪሌ የኤሌክትሪክ ዕቃን ከስልክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ለሚያደርገው ሁለት ዋና ምርጫዎች አሉ፦ «ጠፍቶ ይቆይ» እና «ወደነበረበት ይመለስ»።

ለፍሪጅ ሁለተኛው ይሻላል። ቤት ውስጥ ሰው ባይኖርም ራሱ ይነሳል፣ ምግብ አይበላሽም።

ለኤሌክትሪክ ምጣድና ለቦይለር ግን የመጀመሪያውን ምረጡ፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ምጣዱ እንደበራ መብራት ይሄዳል፣ እናንተም ረስታችሁ ትወጣላችሁ። መብራቱ ሲመለስ «ወደነበረበት» ያላችሁት ሪሌ ባዶ ቤት ውስጥ ምጣዱን ያግለዋል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው። «ጠፍቶ ይቆይ» የሚያስከፍላችሁ ቢበዛ ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ እሱንም ዋይፋይ ካለ ከስልክ ታበሩታላችሁ። ለቦይለሩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ እንዲጠፋ ታይመር ጨምሩበት።

አንድ ነገር ግን ሴቲንግ አያስተካክለውም። 16 አምፔር ሪሌ በ220 ቮልት የሚችለው 3520 ዋት ነው። ምጣዳችሁ እዚያ ከተጠጋ ኤሌክትሪሺያን ኮንታክተር (ከባድ ኃይል የሚችል ማብሪያ) ያስገባላችሁ።