ኢምፔላ ሲፒ፦ በአኦርታ ቫልቭ መካከል የሚቀመጠው የልብ ፓምፕ ሲገመገም

ከከባድ ሃርት አታክ በኋላ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ጉልበት ሲያጣ፣ በየደቂቃው የሚረጨው ደም ያንሳል፤ የደም ግፊትም ይወርዳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ያጠባል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ኩላሊትም ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋል። ይህ ብዙ ደም ለፈሰሰው ሰው የሚበጅ ቢሆንም፣ ልብ ደክሞ ለሰውነት የሚበቃ ደም መርጨት በሚያቅተው በካርዲዮጀኒክ ሾክ ጊዜ ግን የጠበቡት ሥሮች ለደከመው ልብ ተጨማሪ ሸክም ይሆናሉ፤ ልብ ሊያስወጣው ያልቻለው ደምም ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ሳንባን በፈሳሽ ይሞላል። ልብ ራሱ የሚመገብበት የደም ፍሰት በግፊቱ መውረድ ስለሚቀንስ፣ ድካም ድካምን ይወልዳል። እንደ ኖርኢፒነፍሪን ያሉ መድኃኒቶች ግፊቱን ቢያነሡም የልብን የኦክስጅን ፍላጎት አብረው ይጨምራሉ።

የአሜሪካው አቢዮሜድ ኩባንያ የሠራው ኢምፔላ ሲፒ በብሽሽት ደም ቅዳ በኩል ገብቶ፣ ከተወጠረው የልብ ክፍል ደም እየሳበ በቀጥታ ከልብ ወደሚነሣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ ወደ አኦርታ ይለቃል፤ በደቂቃም ከ3 ሊትር በላይ ሊያሻግር ይችላል። በእኔ ግምት ዋናው ብልጫው ግፊትን ከፍ ማድረጉ ብቻ ሳይሆን ልብን እያሳረፈ ማድረጉ ነው። ለብዙ ዓመታት ያገለገለው፣ አኦርታ ውስጥ ከልብ ምት ጋር እየተነፋና እየሟሸሸ ልብን የሚያግዘው ባለ ባሉን ፓምፕ ይህን ያህል ጉልበት የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነው፣ 600 ሕሙማን በተሳተፉበት የጀርመን ጥናትም የ30 ቀን ሞትን አልቀነሰም።

ኢምፔላ ሲፒ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ዳንገር ሾክ ጥናት የ180 ቀን ሞትን ከ58.5 ወደ 45.8 በመቶ አውርዷል። ሆኖም እኔ ሙሉ ነጥብ አልሰጠውም። ከባድ የደም መፍሰስን፣ የእግር ደም መቋረጥንና የቀይ የደም ሴሎች መፍረስን የመሳሰሉ ጉዳቶች ፓምፑ በገባላቸው ላይ 24 በመቶ፣ በሌሎቹ ላይ 6.2 በመቶ ነበሩ፤ የኩላሊት እጥበት ያስፈለጋቸውም በዝተዋል። የደም ዝውውርን ለማሻሻል ለገባ መሣሪያ ይህ ቀላል ነቀፋ አይደለም።

ስለዚህ ለሾክ ሕሙማን ሁሉ የሚታዘዝ ዕቃ አይደለም። ጥናቱ ልባቸው ቆሞ ከተመለሰ በኋላ ራሳቸውን እንደሳቱ የቀሩትን አላካተተም። የቀኝ ልቡ የደከመበት ሕመምተኛም ብዙ አይጠቀምም፤ ፓምፑ ወደ ግራ ልብ ያልደረሰ ደም ሊገፋ አይችልምና።