ልጄ ለምን አይረዝምም ብለን የሄድንበት የሐዋሳ ክሊኒክ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐዋሳ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ነሐሴ ሲገባ የተማሪ ዩኒፎርም ሌላውን ሥራ ሁሉ ያስጥለኛል። የልጅ ሱሪ ስሰፋ ከታች አራት ጣት ያህል ጨርቅ አጥፌ እተዋለሁ። ልጁ ሲረዝም እናትየው ታመጣዋለች፣ እጥፉን እፈታዋለሁ።

ያለፈው ነሐሴ የራሴን ልጅ የአምና ሱሪ አስለበስኩት። ልክ ነው። እጥፉን መፍታት አላስፈለገም። የክፍል ጓደኞቹን ሱሪ ግን የአብዛኞቹን ፈትቼ ነበር። ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ልጄ 14 ዓመት ሊሞላው ነው። ኳስ ሜዳ ላይ «ሚጢጢ» ይሉታል። እሱም ከሜዳ መቅረት ጀምሯል።

እዚህ ክሊኒክ ከመምጣታችን በፊት ሌላ ቦታ ሄደን ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። ልጁን ከነጫማው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ለኩት፣ 149 ብለው ጻፉ፣ የቫይታሚን ሽሮፕ ሰጥተው ሸኙን። ከዚያ ባለቤቴ ከአንድ ሱቅ «ቁመት ይጨምራል» የተባለ ዱቄት በ3,500 ብር ገዛች። ሁለት ወር ጠጣው። ጣፋጭ ነገር ስለሆነ ምሳውን መተው ጀመረ እንጂ አንድም ነገር አልጨመረለትም። ያ ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል።

መስከረም ላይ ጎረቤታችን ወደዚህ የሕጻናት ክሊኒክ መራችን። በመጀመሪያ የወደድኩት አለካካቸውን ነው። እኔ በሜትር የምተዳደር ሰው ነኝ፣ መለካት የሚችልና የማይችል እጅ አያለሁ። ነርሷ ጫማውንም ካልሲውንም አስወለቀችው። ተረከዙ፣ መቀመጫውና ትከሻው ሰሌዳውን እንዲነካ አደረገች። አገጩን በጣቷ አስተካክላ «ፊት ለፊት እይ፣ ወደ ላይ አትይ» አለችው። ከላይ የምትወርደውን ጣውላ ጸጉሩ እስኪጫን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ከሰሌዳው አስወርዳ እንደገና አቆመችው። ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ 146 ብላ ጻፈች። የፊተኞቹ ሦስት ሴንቲሜትር ለካ ጫማው ነበር።

ዶክተሯ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን አይታ ወዲያው «አጭር ነው» አላለችም። «አምና ስንት ነበር?» አለችኝ። አላውቅም። «ካቻምናስ?» እሱንም አላውቅም። ቁመቱን ለክቼ ጽፌ አላውቅም። ግን የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ የልጄም የሱሪ ርዝመት በየነሐሴው ተጽፎበታል። አፍሬ አወጣሁት። እሷ ግን በጣም ደስ አላት። «የሱሪ ርዝመት ቁመት አይደለም፣ ግን እግሩ ቀስ እያለም ቢሆን በየዓመቱ ማደጉን ያሳየኛል» አለች። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው።

ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅትን የዕድገት ቻርት አወጣች። በ14 ዓመት የወንድ ልጅ የመካከለኛው መስመር 163 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የታችኛው ደግሞ 148 ገደማ። ልጄ ከታችኛው በታች ነው። ልቤ ዝቅ አለ። እሷ ግን ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ከ100 ልጆች ሁለት ሦስቱ ከዚያ መስመር በታች ይሆናሉ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው። እሷን የሚያሳስባት ፍጥነቱ ነው። ከ4 ዓመት እስከ ጉርምስና ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር ያድጋል። ከ4 በታች ከሆነ፣ ወይም የራሱን መስመር ለቆ ወደታች ከወረደ፣ ያኔ ምክንያቱ ይፈለጋል።

ጥያቄዋ ብዙ ነበር። ተቅማጥ አለው? ሆድ ድርቀትስ? ከሌላው ይበልጥ ብርድ ይሰማዋል? ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑስ? ለአስም ወይም ለሌላ በሽታ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ወስዷል? ሲወለድ ስንት ኪሎ ነበር? ክብደቱን ከቁመቱ ጋር አስተያየችው። አጭርና እየወፈረ የሚሄድ ልጅ ሆርሞን ያስጠረጥራል፣ አጭርና እየከሳ የሚሄደው ደግሞ አንጀትና ምግብ። የእጁንም ርዝመት ለካች፣ ከቁመቱ ጋር ካልተመጣጠነ ነገሩ ከአጥንት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ስለ እኛ ጠየቀች። እኔ 172 ነኝ፣ ባለቤቴ 160። ደምራ 13 ጨመረችና ለሁለት አካፈለችው፣ 172 ተኩል ሆነ። ለወንድ ልጅ የሚጠበቀው ግምት እንደዚህ ነው የሚሰላው፣ ወደላይም ወደታችም ስምንት ዘጠኝ ሴንቲሜትር ሊሄድ ይችላል። «እርስዎ መቼ ነው የረዘሙት?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ይርጋለም ላለችው እናቴ እዚያው ደወልኩ። «አንተ? አሥረኛ ክፍል እስክትደርስ ቁመትህ ከታናሽ እህትህ አይበልጥም ነበር። አሥራ ሁለተኛ ስትጨርስ ነው የተመዘዝከው» አለችኝ። ዶክተሯ ሰምታ ፈገግ አለች። ልጄም ሰማ። እኔን ቀና ብሎ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

የጉርምስና ምርመራው አስፈርቶት ነበር። ዶክተሯ መጀመሪያ ፈቃዱን ጠየቀችው፣ መጋረጃ ዘጋች፣ እኔን ከጎኑ አቆመችኝ። በክር የተሰኩ ትንንሽና ትልልቅ እንቁላል የመሰሉ መለኪያዎች አሏት፣ የዘር ፍሬውን መጠን በእነሱ እያስተያየች አየች። «ጀምሯል» አለች። ወንድ ልጅ 14 ሞልቶት ምንም ምልክት ከሌለው መታየት አለበት። ሲጀምርም ወዲያው አይመዘዝም፣ ትልቁ ዕድገት ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው።

ለምርመራ ደም ተሰጠ፣ ደም ማነስ፣ ኩላሊት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ታዩ። ሁሉም ደህና። የግራ እጁ ራጅ ተነሣ፣ ከጣቶቹና ከእጅ አንጓው አጥንቶች የአጥንት ዕድሜ ይነበባል። የልጄ አጥንት የ12 ዓመት ልጅ አጥንት ነው ተባለ። ከዕድሜው ሁለት ዓመት ወደኋላ ማለት ነው። ለእሱ ይህ መልካም ዜና ነው፣ የሚያድግበት ጊዜ ገና አለው። ዘግይቶ የሚጎረምስ ቤተሰብ ልጅ እንዲህ ይሆናል አለች።

ልጄ ግን አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር የመጣው። «ሜሲ የወሰደውን መርፌ አትሰጡኝም?» አላት። አልሳቀችበትም። የሜሲ ሰውነት የዕድገት ሆርሞን በበቂ አያመነጭም ነበር፣ ስለዚህ በልጅነቱ በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር። መርፌው ለእንደነዚያ ልጆችና ለጥቂት ሌሎች ሕመሞች ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። አጥንቱ ማደጊያው ከተዘጋ በኋላ ደግሞ መርፌም ዱቄትም አያስረዝምም። ይህን ስሰማ ሱቄ ውስጥ የሚሠራው የ22 ዓመት ልጅ ትዝ አለኝ። እሱም ያንኑ ዱቄት በድብቅ ይጠጣ ነበር። ማታ ነገርኩት። ቁመቱ 161 ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ሕክምና የሚፈልግ ነገር የለውም።

ቅሬታም አለኝ። ራጁን እዚያው አያነሱም፣ ወደ ሌላ ቦታ ይልካሉ፣ ለባጃጅ ደርሶ መልስ ብዙ ይወጣል። ተራ መጠበቁ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። የቁመት መለኪያው ደግሞ ሰው በሚጠብቅበት ኮሪደር ላይ ነው የቆመው። በቁመቱ የሚያፍርን ልጅ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ካልሲ ማስወለቅ ልክ አይደለም። ለነርሷ ነግሬያታለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ፣ እባካችሁ ወደ ውስጥ አስገቡት።

መጋቢት ላይ ተመለስን። ጠዋት አምጡት ስላሉን ጠዋት ሄድን፣ ሰው ቀኑን ሲውል አንድ ሴንቲሜትር ያህል ያጥራል። ያችው ነርስ፣ ያው ሰሌዳ፣ ሦስት ጊዜ። 149 ነጥብ 1። በስድስት ወር 3 ነጥብ 1። መድኃኒት አልታዘዘለትም። እንቁላልና ወተት ሲገኝ ይብላ፣ በጊዜ ይተኛ፣ ኳሱን ይጫወት፣ መስከረም ላይ ይመለስ ተባለ።

የምትሄዱ ካላችሁ የክትባት ካርዱን፣ ጤና ጣቢያ የተመዘነበትን ወረቀት፣ ቤት በር ላይ በእርሳስ የተሰመረም ካለ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። እኔ የሱሪውን እጥፍ ፋሲካ ሳይገባ ፈትቼዋለሁ።