የመኪናዬን እሳት ላገኘልኝ ኤሌትሪሺያን ምስጋና

መኪናዬን ያስነሳልኝን ኤሌትሪሺያን ሳላመሰግነው ባልፍ ይቆጨኛል። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ «ሰው ይበዛብኛል» ይላል። እሺ፣ ስሙን ትቼ ሥራውን ልንገራችሁ።

መኪናዋ የቆየች ባለ ኢንጀክሽን ናት፤ ነዳጇ በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው የሚረጨው። ከእኔ በፊት የነበራት ሰው የነዳጅ ፓምፑን ሽቦ በራሱ መላ ቀይሮታል። የፋብሪካውን ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ዘሎ፣ ከቁልፍ ወደ ኮይል (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው) ከሚሄደው ሽቦ ላይ ቀጥሎ ለፓምፑ ሰጥቶታል። እንደዚያም ሆና ብዙ ጊዜ ሠራች። ከዚያ ማስቸገር ጀመረች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እንደ ጉድ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። አንዳንዴ ቁልፉን ልቅቅ ሳደርግ ልትነሳ ትሞክርና ትተወዋለች። በኋላ ጭራሹን እምቢ አለች። ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ተፈቶ ሲታይ እሳት የሚባል ነገር የለም።

ጋራዥ ወሰድኳት። በቴስተር መብራት ኮይሉን ነካ አደረጉና «ኃይል አለ» አሉ። እንግዲያው ኮይሉ ነው ተባለና ተቀየረ። ወይ ፍንክች! ቀጥሎ «ኮምፒውተሩ ሞቷል» የሚል ፍርድ መጣ። ኮምፒውተር ሳፈላልግ ነው አንድ ወዳጄ ወደዚህ ሰው የላከኝ።

ሰውየው መጀመሪያ መፍቻ እንኳ አላነሳም። ቁልፉን ከፈተና ጆሮውን ወደ ኋላ ወንበር አስጠጋ። «ፓምፑ ለምንድን ነው የማይቆመው?» አለኝ። እንደኔ ባለ መኪና ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑ 2 ሰከንድ ያህል አጉረምርሞ ዝም ማለት አለበት። ኮምፒውተሩ መልሶ የሚያሠራው ሞተሩ መዞሩን ሲያይ ነው። የእኔው ግን ያለማቋረጥ ይጮሃል።

ከዚያ መልቲሜትሩን አወጣ። ባትሪው ላይ 12.5 ቮልት። ኮይሉ ጋ 8። ሞተሪኖው እየዞረ ሲለካ ባትሪው ከ10 በላይ ይዟል፣ ኮይሉ ጋ ግን 5 ብቻ ነው የደረሰው። በ5 ቮልት ምን እሳት ይመጣል? የቴስተር መብራት ደግሞ በ8 ቮልትም ይበራል፤ ትንሽ ቢደበዝዝ ነው። «ኃይል አለ» የተባለው በዚህ ነው።

እኔን ያስደመመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የኋላ ወንበሩን አንስቶ የፓምፑን ሶኬት ነቀለው። ኮይሉ ጋ ያለው ንባብ ወዲያው 12 ገባ። «አስነሺ» አለኝ። ቁልፉን ሳዞር የተፈታው ካንዴላ ሰማያዊ እሳት ጣ ጣ ጣ አደረገ! ሞቷል የተባለው ኮምፒውተር አልተነካም።

ጥፋቱ ኳድሮው (ከመሪው ፊት ያለው የቆጣሪዎች ሰሌዳ) ሥር ተገኘ። ሦስት ሽቦ አንድ ላይ ተጠማዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል፦ ከቁልፍ የመጣው፣ ወደ ኮይል የሚሄደውና ወደ ፓምፕ የሚሄደው። ናስትሮው ቀልጦ ተጣብቋል። መዳቡ ጠቁሯል። «ንኪው» አለኝ። ያቃጥላል። ለኮይሉ ብቻ ቢሆን ያ መገጣጠሚያ ይችለው ነበር። ፓምፑ ግን ብዙ አምፔር ይስባል፤ ቮልቱ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እሳት አለማስነሳቱ ራሱ ተመስገን ነው።

የኮይሉን ሽቦ አጽድቶ በየደው። ለፓምፑ ከባትሪ ወፍራም ሽቦ ሳበለት፤ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ መሀል ላይ ሪሌ። የሪሌው 30 ቁጥር እግር ከባትሪ፣ 87 ቁጥሩ ወደ ፓምፕ። የሪሌው ማዘዣ ደግሞ ከኮምፒውተሩ የሚመጣው የፋብሪካው ሽቦ ሆነ፤ ተቆርጦ ታስሮ ነበር ያገኘው። አሁን ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑም ይጠፋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። መኪና ተጋጭቶ ሞተሩ ቆሞ ፓምፑ ቤንዚን መግፋቱን ቢቀጥልስ?

በዚያ ላይ አሮጌውን ኮይል ለካና «ደህና ነው፣ መጠባበቂያ አድርጊው» ብሎ መለሰልኝ። ዝም ብሎ ኮምፒውተር ቢያስገዛኝ ማን ያውቅበታል? እጁ ይባረክ።

እንከኑን አልደብቅም፤ ቀርፋፋ ነው። ሳይለካ አይፈታም፣ «ቶሎ በል» ሲሉት ይነጫነጫል። ለቸኮለ ሰው አይሆንም።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እልክላችኋለሁ። መኪናችሁ ላይ በኋላ የተቀጠለ ነገር ካለ፣ ቴፕም ይሁን አላርም፣ ስትሄዱ ቀድማችሁ ንገሩት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።