ቬኒየር ለመጫን፦ የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ወይስ አዲስ ፓምፕ?

«ቤት ውስጥ ቬኒየር (እንጨት ላይ የሚለጠፍ ስስ የእንጨት ልጣፍ) በቫኪዩም ልጫን ብል ምን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም አሁንም ይመጣልኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛዎቹ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥና ዓባይ ማዶ ጓሯቸው ውስጥ እንጨት የሚሠሩ ልጆች ናቸው። እያንዳንዱን በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ከአሮጌ ፍሪጅ የወጣ ኮምፕረሰር ግዙ።

ሥራው ቀላል ነው። ኮላ የተቀባውን እንጨት ከነቬኒየሩ ፕላስቲክ ውስጥ ታስገቡና አየሩን ትስባላችሁ። የሚጫነው ፓምፑ አይደለም፤ ውጭ ያለው አየር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየራችን ሳሳ ይላል። እንዲያም ሆኖ ጌጁ (የቫኪዩሙ መለኪያ) 20 ኢንች ሜርኩሪ ካሳየ፣ 50 በ70 ሴንቲ ሜትር በሆነ የቁም ሣጥን በር ላይ 24 ኩንታል ያህል ጫና ያርፍበታል። ይህን በሞርሴቶ (በሚጠብቅ መያዣ ብረት) አመጣለሁ ካላችሁ ስንት ሞርሴቶ እንደምትገዙ አስቡት። ደግሞ ሞርሴቶ መሃል ላይ አይደርስም። ቬኒየር የሚያብጠው ግን መሃል ላይ ነው።

እስቲ ወደ ዋጋው እንግባ። የምጠራው እኔ የከፈልኩትን ወይም ስጠይቅ የተነገረኝን ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር ልዩነቱን እንጂ ቁጥሩን አትያዙት።

ኮምፕረሰሩን ከነሪሌው (ሞተሩን የሚያስነሣው) እና ከነኦቨርሎዱ (ሲጨናነቅ መብራቱን የሚቆርጠው) በ2,500 ብር ገዛሁ። ጌጅ 900፣ አየር ወደ ኋላ የማይመልስ ቫልቭ 350፣ ቱቦ 300፣ ወፍራም ፕላስቲክ 700፣ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) እና ሲሊኮን 150። ድምሩ 4,900 ብር። ለኤሲ (ለአየር ማቀዝቀዣ) ሥራ የሚሸጠው አዲስ ትንሽ የቫኪዩም ፓምፕ ግን ብቻውን 16,000 ተብያለሁ። ጌጁ፣ ቫልቩ፣ ቱቦውና ፕላስቲኩ ለእሱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ልዩነቱ 13,500 ብር ነው። በዚህ ብር ስንት ኤምዲኤፍና ስንት ጣሳ ኮላ እንደሚገዛ አናጺ የሆነ ሰው ያውቀዋል።

አዲሱ ፓምፕ ፈጣን ነው፤ ይህን አልክድም። የፍሪጅ ኮምፕረሰር በደቂቃ የሚስበው ከ20 ሊትር ብዙም የማይዘል አየር ነው። ትንሹ የኤሲ ፓምፕ 80 ሊትር ይደርሳል። ነገር ግን ፕላስቲኩን አስቀድማችሁ በእጃችሁ አሽታችሁ አየሩን ካስወጣችሁለት፣ ለአንድ በር የሚሆነውን የቀረ አየር ኮምፕረሰሩም በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ነጭ ኮላ ወዲያው አይደርቅም፤ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ከፍጥነቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ኮፒው፣ አስመስሎ የተሠራው ዕቃ ነው። አንድ ጓደኛዬ አዲስ ፓምፕ ገዛ። ካርቶኑ ያምራል፣ ሞተሩ ላይ «ንጹሕ መዳብ» የሚል ተለጥፎበታል። ቤት ሲሞክረው ጌጁ 23 ላይ ቆመ። ወረቀቱ 29 ይላል። ተበላሽቷል ብሎ ይዞት ሊመለስ ሲል አስቆምኩት። 29 የሚገኘው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። በእኛ ከፍታ የትኛውም ፓምፕ ከ24 ኢንች አያልፍም፤ የሚሳበው አየር ራሱ ያን ያህል ነውና። በዚያ በኩል ፓምፑ ደህና ነበር።

ጉዱ የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው። ሰፋ ያለ ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲያሠራው ሞተሩ ተቃጠለ። ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ዘንድ ወስደን ስናስፈታው ሰውየው ከሽቦው አንዱን በምላጭ ፋቅ አደረገው። ላዩ ቀይ፣ ሥሩ ነጭ። አሉሚኒየም ነው። መዳብ የመሰለው ቀለሙ ነበር። ለመጠቅለያ 4,500 ብር ተጠየቀ፤ እኔ ለሙሉ ዕቃዬ ካወጣሁት ብዙም አያንስም። የሸጠው ሱቅ «በዋስትና አይደለም የሸጥነው» ብሎ ሸኘን።

የፍሪጅ ኮምፕረሰርም ማታለያ አለው። ቅዳሜ ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ካያችሁ ተጠንቀቁ። ቀለሙ ምንም አይነግራችሁም። መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ጎኑ ላይ ሦስት ፒን አለ። በየሁለቱ መሃል ኦም ለኩ፤ የሁለቱ ትናንሽ ንባቦች ድምር ከትልቁ ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ ከእያንዳንዱ ፒን ወደ ብረቱ አካል ለኩ። አንዳች ንባብ ከሰጠ አትግዙት፤ ያ ኮምፕረሰር ሰው ይይዛል። የግድ ሲነሣ አስሞክሩት። አየር የሚስበው ቧንቧ ላይ አውራ ጣታችሁን ስትደፍኑ አጥብቆ መሳብ አለበት።

ቧንቧዎቹ ሦስት ናቸው። ቀጭኑ አየር የሚያስወጣው ነው። ሁለቱ ወፈር ያሉት ሁለቱም ይስባሉ፤ አንዱን ለቱቦ ትጠቀሙና ሌላውን ጨፍልቃችሁ ትደፍናላችሁ። የኤሲ ኮምፕረሰር ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትውሰዱ፤ አብዛኛው በሌላ መንገድ የተሠራ ስለሆነ ዘይቱን አውጥቶ ይረጨዋል። ጋዙ ያላለቀ ፍሪጅም ራሳችሁ አትቁረጡ። አንዳንዱ ጋዝ እሳት ይይዛል፤ ጀርባው ላይ አር 600 ኤ (R600a) ከተባለ በተለይ። ፍሪጅ ጠጋኝ ያውጣላችሁ።

ሦስት ነገር ካልጠበቃችሁለት ይሄም ይበላሻል። አንደኛው ዘይት ነው። ከማስወጫው ጋር ትንሽ ዘይት እንደ ጉም ይወጣል። ቱቦ አስገብታችሁ አፉ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጣሉት፤ የተጠራቀመውን ታያላችሁ። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፍሪጅ ላይ ሳለ የሚያቀዘቅዘው ተመላሹ ጋዝ ነበር፤ አሁን የለም። ጌጁ 20 ሲያልፍ አጥፉት፤ ወደ 17 ሲወርድ መልሳችሁ አስነሡት። ፕላስቲኩ በደንብ ከታሸገ በመሃል ብዙ ያርፋል።

ሦስተኛው አነሣሡ ነው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ውስጥ ቫኪዩም እያለ ስታስነሡት ሞተሩ እም... ይልና ኦቨርሎዱ ቀጭ ብሎ ይቆርጠዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የማይመልሰውን ቫልቭ ወደ ፕላስቲኩ አስጠግታችሁ ግጠሙ። በቫልቩና በኮምፕረሰሩ መሃል ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ) አስገብታችሁ ትንሽ መክፈቻ አድርጉበት። መክፈቻውን ከፍታችሁ አስነሡ፣ ድምፁ ሲስተካከል ዝጉት። ቫልቩን እኔ ያገኘሁት አሮጌ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ነው። የመኪና ፍሬን ሰርቮ ላይ ያለው ትንሽ ፕላስቲክ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋም ጫናውን ይዞ የሚያቆይላችሁ እሱ ነው። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ቮልቴጁ እስኪረጋ ኮምፕረሰሩን ሶኬት ላይ አትተዉት።

ቫኪዩም ክሊነር አይሆንም ወይ ትሉኛላችሁ። አይሆንም። የሚስበው ጥልቀት የኮምፕረሰሩን ሲሶ ቢደርስ ነው። ብዙዎቹ ሞተራቸው የሚቀዘቅዘው በሚስቡት አየር ስለሆነ አፋቸው ሲዘጋ ይግላሉ። ቤት ውስጥ ካለ መጀመሪያ አየሩን ለመቀነስ ለአንድ ደቂቃ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ንቀሉት። ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙ።

ለትንሽ ዕቃ፣ ለሣጥን ክዳን ወይም ለጌጥ ሥራ፣ የብስክሌት መንፊያ ይበቃል። ባሕር ዳር ላይ ብስክሌትና መንፊያ አይታጣም። ዘንጉን አውጥታችሁ ጫፉ ላይ ያለውን ቆዳ ወይም ጎማ ገልብጣችሁ መልሱት። ቫልቩም ይገልበጥ። መንፋት ትቶ ይስባል። እጅ ይደክማል እንጂ መብራት አይጠይቅም፤ 600 ብር ነው። ለበርና ለጠረጴዛ ግን አትድከሙበት።

ፕላስቲኩ ላይ ስስታም አትሁኑ። ሜትሩን በ350 የገዛሁት ለጠረጴዛ ልብስ የሚሸጠው ጠንካራና የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው። ስሱን የግሪን ሃውስ ላስቲክ በርካሽ ታገኛላችሁ፤ የእንጨቱ ማዕዘን ሲወጋው ግን የማታገኙት ቀዳዳ ይፈጠራል። ማዕዘኑን በብርጭቆ ወረቀት ማደብዘዝ ይረዳል። በቬኒየሩና በፕላስቲኩ መሃል አየሩ የሚሄድበት መረብ ያስፈልጋል። ለዚህ ከሽንኩርት ከረጢት የሚሻል አላገኘሁም፤ ከገበያ በ20 ብር ይሰጧችኋል፣ አንዳንዱም በነጻ። ኮላው መረቡ ላይ እንዳይጣበቅ ግን ሥሩ ስስ ላስቲክ አንጥፉበት፣ የመረቡም ቋጠሮ ስስ ቬኒየር ላይ እንዳይታተም ከላስቲኩ በላይ፣ ከመረቡ ሥር ቀጭን ኮምፔርሳቶ አድርጉለት። አጎበር የሚጠቀሙም አሉ። ቀዳዳው ደቃቅ ስለሆነ የፈሰሰ ኮላ ቶሎ ይደፍነዋል።

አዲስ ፓምፕ ለማን ነው ካላችሁኝ፣ ቀኑን ሙሉ በር የሚጭን፣ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ ወርክሾፕ ካለው ሰው ጋር አልከራከርም። እሱም ቢሆን ሲገዛ ሱቁ ውስጥ አፉን ዘግቶ ያስነሣው። ጌጁ ከ22 በላይ ወጥቶ ካልቆመ አይክፈል። ቆሞም ከሆነ ሃያ ደቂቃ እዚያው ያስሠራውና ሞተሩን በእጁ ይዳስሰው። እጅ የማያስይዝ ሙቀት ካለው ሻጩ የፈለገውን ቢል ትቶት ይውጣ።