ኮዳክ ጎልድ 200 በሀዋሳ ብርሃን ሲመዘን

ኮዳክ ጎልድ 200 ለሠርግና ለልደት፣ ለሽርሽርና ለቤተሰብ አልበም ታስቦ የተሠራ ባለ ቀለም ኔጋቲቭ ፊልም ነው። ባለ 35 ሚሊሜትሩ ጥቅል 24 ወይም 36 ፎቶ ያነሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ለመካከለኛ ፎርማት ካሜራ የሚሆነው ባለ 120 ጥቅል ገበያ ላይ ውሏል። ብዙ ባለሙያዎች የጀማሪ ፊልም ነው እያሉ ዝቅ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን በሀዋሳ ለሚነሳ የዕለት ተዕለት ፎቶ፣ በተለይም የሰው ፊት ለሚበዛበት፣ ከዋጋው አንጻር ከዚህ የተሻለ ፊልም አልገጠመኝም። ይህን የምለው ሲነሳ ብርሃን ካልተሰሰተለትና ቀለሙም በስልክ ስክሪን ሳይሆን በኔጋቲቩና በታተመው ፎቶ ከተመዘነ ነው።

ከብርሃኑ ልጀምር። ሀዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ሐይቁን በምዕራብ በኩል ያደረገች ከተማ ናት። በመሆኑም በማለዳ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል፣ የቆመ ፎቶ አንሺ ፀሐይዋን ከኋላው አድርጎ ወደ ውኃው ማንሳት ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን እዚያው ቦታ ላይ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ስለምትመጣ ጀልባውም ዓሣ አጥማጁም ጥቁር ጥላ ሆነው ይቀራሉ። ጎልድ 200 የሚያምረው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ፊልሙ በባሕርይው ወደ ሞቃት ቀለም፣ ማለትም ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ያደላል። የማለዳው ፀሐይ በዚህ ላይ ሲታከልበት፣ ቆሮሶ ዓሣ የሚያጸዳው ልጅ ጣቶች ላይ የተለጠፈው ቅርፊት መሐሉ ብርማ ሆኖ ጠርዙ ላይ ወርቃማ መስመር ይይዛል፤ ከጉልበቱ ሥር የተከመረው መረብ ሰማያዊ ክር ግን በቢጫው ሳይዋጥ ሰማያዊነቱን ይዞ ይቆያል። ትርፍራፊ የሚጠባበቀው አባ ኮዳ የተባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ ላባ በሌለው አንገቱ ላይ ያለው ሮዝ ቀለም ዲጂታል ካሜራዬ እንደሚያደርገው ተጋንኖ ሳይሆን የቆዳ መልክ ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ለማየት ፎቶውን በእጅ ይዞ ወደ መስኮት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።

እኩለ ቀን ላይ በፊልሙ ማንሳት አልመክርም። ከአናት ቀጥ ብላ የምትወርደው ፀሐይ የሰውን ዓይን ታጨልማለች፤ ከሐይቁ ማዶ ያሉት ተራሮችም ሰማያዊ ጭጋግ የለበሱ መስለው ይወጣሉ። ሌንሱ ላይ የአልትራቫዮሌት ማጣሪያ መስተዋት ማድረግ ሁለተኛውን ችግር ያቃልላል፣ የመጀመሪያውን ግን አይነካውም።

ዋናው ጉዳይ የፊት ቀለም ነው። የቀለም ፊልም ለረጅም ዘመን የእኛን መልክ ታሳቢ አድርጎ የተሠራ አልነበረም። ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች «ሸርሊ ካርድ» በሚል ስም የታወቀ የቀለም መለኪያ ፎቶ ይልክ ነበር፤ በካርዱ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ስትሆን፣ የማተሚያ ማሽኑ የሚስተካከለው የእርሷ ቆዳ እስኪያምር ድረስ ነበር። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ ኩባንያው ጥቁርና ቡናማ ቀለሞችን በደንብ የሚለይ ፊልም እንዲሠራ ከገፋፉት መካከል የቸኮሌት አምራቾችና የቤት ዕቃ ሠሪዎች ይገኙበታል፤ በማስታወቂያ ፎቶዎቻቸው ላይ የቸኮሌቱ ዓይነትም የእንጨቱ ዓይነትም አይለይም ብለው አቤት በማለታቸው ነው። ለፊታችን ያልታሰበው ለቁም ሳጥን ታሰበ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣው የጎልድ ፊልም ሲተዋወቅም በደብዛዛ ብርሃን የቆመን ጥቁር ፈረስ ዝርዝር ያሳያል ይባል ነበር፤ ፈረሱ የማን ምሳሌ እንደሆነ አንባቢ አያጣውም።

ያም ሆነ ይህ የዛሬው ጎልድ 200 የጠይምና የጥቁር ቆዳን ልዩ ልዩ ደረጃ በሚገባ ይለያል፤ በቂ ብርሃን ይግባለት እንጂ። ችግሩ የሚጀምረው ነጠላና ፊት በአንድ ፎቶ ውስጥ ሲገናኙ ነው። በክብረ በዓል ቀን ከሀዋሳ ገብርኤል ቅጥር ግቢ የምትወጣን ጠይም እናት ብናነሳ፣ የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየው የነጠላዋን ሰፊ ነጭ ስለሆነ ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሰዋል። ውጤቱም ግራጫ ነጠላና ዝርዝር የሌለው ጥቁር ፊት ይሆናል። መፍትሔው ወደ ፊቷ ቀረብ ብሎ ብርሃኑን ከፊቷ ላይ መለካትና፣ ያንኑ ልኬት ይዞ ወደ ኋላ ተመልሶ ማንሳት ነው። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው የካሜራውን የፊልም ፍጥነት (አይኤስኦ፣ ማለትም ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙ) ከ200 ወደ 100 ዝቅ ቢያደርገው ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ስቶፕ ተጨማሪ፣ ማለትም እጥፍ ብርሃን ያገኛል። በዲጂታል ካሜራ ይህ ቢደረግ ነጠላው ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆን ነበር። ኔጋቲቭ ፊልም ግን ትርፍ ብርሃንን ይሸከማል፤ ኮዳክ ራሱ በቴክኒክ ሰነዱ ጎልድ 200 ሁለት ስቶፕ ቢያንሰውም ሦስት ስቶፕ ቢበዛውም ፎቶ እንደሚወጣው ገልጿል። ከሁለቱ ግን የሚያምረው መብዛቱ ነው። በዚህ መንገድ ከተነሱት ፎቶዎቼ በአንዱ ላይ የነጠላው ክር፣ የጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ መስመር፣ ከዓይን ሥር ያለው ጠቆር ያለ ቆዳና ጉንጭ ላይ ያረፈው ብርሃን ሁሉም በየደረጃቸው ይታያሉ።

ይህንኑ ፎቶ ለሌሎች ሳሳይ የተነሳው ክርክር ስለ ፊልሙ ያለኝን አስተያየት አጥርቶልኛል። ፎቶ የምናነሳ ጥቂት ወዳጆች ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ቡና ቤት እየተገናኘን፣ 10 በ15 ሴንቲሜትር የታተሙ ፎቶዎቻችንን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እንነጋገራለን። አንዲት ወጣት ፎቶውን አንስታ «ይህ ቢጫ የፊልሙ እንጂ የሴትዮዋ መልክ አይደለም» አለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ደግሞ የጠዋት ፀሐይ እንዲህ ናት ብሎ ተከራከራት። ለብዙ ዓመታት ፎቶ ቤት ከፍተው የሠሩ አንድ አዛውንት አብረውን ነበሩ። ለሁለቱም መልስ ሳይሰጡ «ልጄ፣ እስቲ መጀመሪያ ኔጋቲቩን አሳየኝ» አሉኝ። ጠርዝና ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው ወደ መስኮቱ ካነሱት በኋላ «ኔጋቲቩ ጤነኛ ነው፤ ቢጫውን የጨመረው ያተመው ሰው ነው» ሲሉ ፈረዱ።

ጋሼ ያሉት ለምን ትክክል እንደሆነ ለመረዳት የፊልሙን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። የቀለም ኔጋቲቭ ለሰማያዊ፣ ለአረንጓዴና ለቀይ ብርሃን የተለያዩ ንብርብሮች አሉት፤ ሲታጠብ በእነዚህ ውስጥ እንደየቅደም ተከተላቸው ቢጫ፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ) እና ሳያን (አረንጓዴማ ሰማያዊ) ቀለም ይፈጠራል፣ ብርሃኑን የተቀበለው የብር ማዕድን ደግሞ በኋላ ታጥቦ ይወጣል። ማጀንታውና ሳያኑ ፍጹም ንጹሕ ስላልሆኑ ጉድለታቸውን ለማካካስ ፊልሙ ላይ ብርቱካናማ ጭንብል ተደርጓል፤ ኔጋቲቭ ሁሉ ብርቱካናማ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ለማተም ኔጋቲቩን ስካን የሚያደርገው ሰው ወይም ሶፍትዌር ምስሉን ሲገለብጥ ይህን ብርቱካናማ ቀንሶ ማውጣት አለበት፤ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚወስነው ደግሞ እርሱው ነው። ያንኑ ኔጋቲቭ ሌላ ቦታ ስካን ባስደረግነው ጊዜ የሴትዮዋ ፊት ከቢጫነት ወጥቶ ወደ ቀይ ዳማ ተጠጋ፤ ነጠላውም ወደ ነጭነቱ ተመለሰ። ሞቃትነቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ያ የቀረው ነው የጎልድ የራሱ ቀለም።

ስለዚህ በፊልም የተነሳ ፎቶ ለውይይት ሲቀርብ «የጎልድ ቀለም»፣ «የፖርትራ ቀለም» (ፖርትራ ሌላው የኮዳክ ፊልም ነው) እየተባለ የሚደነቀውም የሚነቀፈውም አብዛኛው የስካነሩ ሥራ ነው እላለሁ። ኔጋቲቩ ላይ የሚነበበው ከዚህ የተለየ ነው። ስስ ሆኖ ብርቱካናማው ብቻ ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፤ ከእርሱ የሚወጣው ፎቶ ጥላው ሁሉ ጭቃ መስሎ ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፣ ቅንጣቱም (ምስሉን የሠሩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች) ይጎላል፣ ያንን ደግሞ ማንም አታሚ አያድነውም። ወፈር ካለና በጥላው ቦታ ሁሉ ዝርዝር ካለበት ግን የቀረው የማተም ጉዳይ ነው። ወደ ውይይት የምትመጡ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ኔጋቲቩንም ይዛችሁ ብትመጡ አስተያየት የሚሰጣችሁ ሰው ስለምን እንደሚናገር ያውቃል። በቴሌግራም ለምትላላኩም እንዲሁ ነው፦ በፎቶ መልክ ሲላክ መተግበሪያው ምስሉን ስለሚጨምቀው መጀመሪያ የሚጠፋው የፊልሙ ቅንጣትና በጥላ ውስጥ ያለው ስስ የቀለም ልዩነት ነው፤ በፋይል መልክ መላክ ይሻላል።

ፊልሙ የማይሆንባቸው ቦታዎችም አሉ። ፍጥነቱ 200 በመሆኑና ለቀን ብርሃን በመሠራቱ ማታ በአምፖል ብርሃን የተነሳ ሁሉ ብርቱካናማ፣ በአንዳንድ ሸምበቆ መብራት ሥር የተነሳ ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ መሞከር ፊልም ማባከን ነው። ሐይቁ ዳር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ውስጥ የሚዘልን ጉሬዛ ማንሳትም ከባድ ነው፤ ጥቁሩ ፀጉር ብርሃን ሲፈልግ እንስሳው ፈጣን ሸተር (ለቅጽበት ብቻ ተከፍቶ የሚዘጋ የካሜራ መከለያ) ይፈልጋል፣ 200 ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ አይሰጥም። ለእንዲህ ዓይነቱ ፖርትራ 400 ይሻላል፤ ቅንጣቱም የደቀቀ ነው፣ የቆዳ ቀለሙም የረጋ ነው፣ ዋጋው ግን ከጎልድ በብዙ ይበልጣል። ሌላው የኮዳክ ፊልም ኤክታር 100 ለሐይቁና ለሰማዩ ድንቅ ሆኖ ሳለ የጠይም ቆዳን ቅላት ያበዛዋል፤ ለፊት አልመርጠውም። በጉዱማሌ የፊቼ ጫምባላላ በዓል ሲከበር በደማቅ ፀሐይ የአገር ባህል ልብስ የለበሰውን ሕዝብ ለሚያነሳ ሰው ግን ምርጫዬ ያለ ጥርጥር ጎልድ ነው፤ ብርሃኑ ሞልቷል፣ ፊቱም ብዙ ነው፣ 36ቱ ፎቶም ቶሎ ያልቃል።

ስለ አገኛኘቱ ባጭሩ ልበል። እኔ ፊልሙን የማገኘው ከውጭ በሚመጡ ዘመዶች እጅ ነው፤ በከተማዋ የማውቃቸው ፎቶ ቤቶች የሚኖሩት በጉርድ ፎቶና በሠርግ ሥራ ነው፣ ሥራቸውም ሁሉ ዲጂታል ሆኗል። የሚያመጣላችሁ ሰው ፊልሙን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳያደርገው፣ በእጁ ይዞም ቢሆን አዲሶቹ የሲቲ ዓይነት (ጠንካራ ኤክስሬይ የሚጠቀሙ) መፈተሻ ማሽኖች ባሉበት አውሮፕላን ማረፊያ በእጅ እንዲፈተሽለት እንዲጠይቅ አደራ በሉት፤ እነዚህ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልምን ያበላሻሉ። ከደረሰ በኋላ የሀዋሳ ሙቀት እንዳያገኘው እንደታሸገ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከፍሪጅ ሲወጣም ጤዛ እንዳይይዘው ማሸጊያው ሳይከፈት ለሰዓታት ይቆይ። እጥበቱ ሲ-41 በሚባለው፣ ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ዘዴ ነው፤ መጀመሪያ የሚገባበት ኬሚካል 37.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ይፈልጋል። ከዚህ ሙቀት ትንሽ ቢዛነፍ ቀለሙ ስለሚዛባ፣ ፊልም የምትሰጡት ፎቶ ቤት በየጊዜው ብዙ ፊልም የሚያጥብ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ስትሰጡም ኔጋቲቩ እንዲመለስላችሁ ከመጀመሪያው ተናገሩ፤ ስካኑን ብቻ ልከው ኔጋቲቩን የሚጥሉ አሉና። ስድስት ስድስት ፎቶ ሆኖ ተቆርጦ በኔጋቲቭ ማስቀመጫ ይግባ፣ ጣት አይንካው፣ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ። በየቤቱ አልበም ውስጥ ያሉት በደርግ ዘመን የታተሙ የቀለም ፎቶዎች ብዙዎቹ ወደ ቀይ የሄዱት ሳያን ቀለሙ ቀድሞ ስለደበዘዘ ነው፤ ኔጋቲቩ በደህና ለተቀመጠለት ሰው ያንኑ ፎቶ እንደገና ማሳተም ይቻላል።