የኢንተርኔት አድራሻን ቦታ የሚነግሩ ድረ ገጾች ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ሲፈተሹ

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን እናት ደሴ ፒያሳ ወደምሠራበት የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና ሱቅ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው አዲስ መግቢያ መመዝገቡን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ልኮላቸው ነበር፤ ከሥሩም «አዲስ አበባ፣ 21:14» ይላል። ስልኩን ገዝቶ የላከላቸውም፣ ገጹን የከፈተላቸውም አዲስ አበባ የሚኖረው የእህታቸው ልጅ ስለሆነ፣ የይለፍ ቃሉን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም ብለው ያምናሉ። «እኔ ከደሴ ንቅንቅ አላልኩም፤ ይኸው አዲስ አበባ ብሎ ጽፎታል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ልጁ ሲደውል ስልክ ማንሣት ከተዉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

ይህን ካየሁ በኋላ፣ በሥራዬ ላይ ለዓመታት ብዙም ሳልጠይቅ ስጠቀምባቸው የኖርኩትን፣ አንድ የአይፒ አድራሻ (ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የሚታወቅበት ቁጥር) ሲጽፉላቸው አገሩን፣ ከተማውንና የአገልግሎት ሰጪውን ስም የሚመልሱ ነፃ ድረ ገጾች በሥርዓት ልፈትሻቸው ወሰንኩ። ሦስት መረጥኩ። ያገኘሁባቸው ጉድለት የአንድ ድርጅት ብቻ ስላልሆነ ስማቸውን ትቼ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል በሱቁ የሽቦ መስመር፣ ከዚያም በስልኬ የሞባይል ዳታ ፒያሳ ላይ፣ በሐረጎ ወርጄ ኮምቦልቻ መናኸሪያ፣ በመጨረሻም ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ዳር ቆሜ የራሴን አድራሻ ጠየቅኋቸው፤ መልሳቸውንም ከነሰዓቱ በደብተር መዘገብኩ።

አገሩን አንዳቸውም አልሳቱም። ሁልጊዜም ኢትዮጵያ አሉ፣ የአገልግሎት ሰጪውንም ስም በትክክል ጻፉ። ችግሩ የመጣው ከከተማው ላይ ነው። በሞባይል ዳታ አንደኛውና ሦስተኛው ከሦስቱም ቦታዎች «አዲስ አበባ» አሉኝ። ደሴና አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ በአየር መስመር ቢለካም 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለተኛው ከዚህም የባሰ ነገር አደረገ፤ ከተማ ሳይጠቅስ 8 ዲግሪ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቀይ ምልክት ተከለ። ካርታውን አስፍቼ ስመለከት ምልክቱ ያረፈው በጉራጌ ምድር ነበር። ቁጥሮቹ ክፍልፋይ የሌላቸው ድፍን መሆናቸው ነገሩን ገለጠልኝ። ይህ ማንም የለካው ቦታ አይደለም፤ ድረ ገጹ ከአገሩ ስም ያለፈ መረጃ ሲያጣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን መልስ ካርታ ላይ የሚያሳርፍበት ነጥብ ነው። ከምልክቱ አጠገብ ግን ይህን የሚናገር አንዲት ቃል አልተጻፈችም።

ይህ ቀላል ጉድለት እንዳልሆነ የአሜሪካው የካንሳስ ግዛት ታሪክ ያስረዳል። ማክስማይንድ የተባለው የታወቀ የአድራሻ መረጃ ድርጅት፣ አሜሪካ ውስጥ መሆናቸው ብቻ የታወቀ አድራሻዎችን ሁሉ 38 ዲግሪ ሰሜን፣ 97 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ነጥቡ ያረፈው ፖትዊን በተባለች ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ካለ የእርሻ ቤት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳዩ በጋዜጠኞች ሲገለጥ ከ600 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ከዚያ ቤት ጋር ተያይዘው ተገኙ፤ ነዋሪዎቹም ምንም በማያውቁት ወንጀል ለዓመታት ፖሊስና መርማሪ ሲመላለስባቸው ኖረዋል። ድርጅቱ በኋላ ነጥቡን አንሥቶ ውሃ ላይ አሳረፈው። ያ የእርሻ ቤትና የደሴዋ እናት ዘመድ የተጠረጠሩበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ዘንድ በግምት የተቀመጠ ምልክት እንደ ምስክር ተቆጥሯል።

በሱቁ የሽቦ መስመር የተገኘው ውጤት ጥቂት ይሻላል። ማክሰኞ ዕለት አንደኛው ድረ ገጽ በትክክል «ደሴ» አለኝ። ሐሙስ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አዲስ አድራሻ ይዞ ተነሣ፤ ያው ድረ ገጽ፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ላለው ኮምፒውተር፣ «አዲስ አበባ» ብሎ መለሰ። ከዚያ በስተመጨረሻ በጀርመን የሚወጣ ቪፒኤን (ትራፊክን በሌላ ቦታ ባለ ኮምፒውተር በኩል አሳልፎ የራስን አድራሻ የሚሸፍን አገልግሎት) ከፍቼ ስሞክር ሦስቱም ያለ ልዩነት «ፍራንክፈርት» አሉ፤ የቪፒኤኑ ሰርቨር፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚሰጠው ኮምፒውተር፣ ያለው በእርግጥም እዚያ ነው። በማይነቃነቅ ሕንፃ ውስጥ የተቀመጠ የሰርቨር አድራሻ በቀላሉ ይታወቃል፤ እጁ ላይ ስልክ ይዞ ከደሴ ሐይቅ የሚመላለስ ሰው ግን አይታወቅም።

ምክንያቱ ከአድራሻው አሠራር ይመነጫል። የአይፒ አድራሻ ከመሬት ጋር የታሰረ እንደ ቤት ቁጥር ያለ ነገር አይደለም፤ በጅምላ ለአገልግሎት ሰጪ የሚታደል ቁጥር ነው። ለአፍሪካ የሚያድለው መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የተቀበለው ድርጅት ስምና የጽሕፈት ቤቱ አድራሻ ነው። የእኛ አገልግሎት ሰጪዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ በመሆኑ፣ ሌላ ፍንጭ ያጣ መረጃ አጠናቃሪ ሁሉንም ወደዚያ ይጠቀልላል። በዚህ ላይ የቀድሞው ዓይነት (IPv4 የሚባለው) አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነና ለዓለም ስልክ ሁሉ ስለማይበቃ፣ የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ የጋራ አድራሻ በስተኋላ ያስቀምጣሉ። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ100.64 ጀምሮ ያለው ተከታታይ ቁጥር ለብቻው ተለይቷል። ስልክዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ካዩ ዓለም የሚያየው አድራሻ እሱ እንዳልሆነ ይወቁ፤ ዓለም የሚያየው ትራፊኩ ተሰብስቦ የሚወጣበትን የጋራ በር ነው፤ በሩም ከደንበኛው ብዙ ርቀት ላይ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለሰፈራችን እናት በቀላል ቃል ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የረዳኝ ግን ሰዓቱ ነው። 21:14 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ14 ነው። «እትዬ፣ በዚያ ምሽት ከሦስት ሰዓት በኋላ ምን ሲያደርጉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና ሪያድ ያለችው ልጃቸው ደውላ አልሰማ ስላላት፣ የጎረቤት ልጅ መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና እንደጫነላቸው ትዝ አላቸው። ማስጠንቀቂያውን ወደታች ገፋ ሳደርገው የገባው ስልክ ሞዴል ተጽፏል፤ እጃቸው ላይ ያለው ስልክ ነው። «አብሽሩ፣ እትዬ፤ የገቡት እርስዎ ራስዎ ነዎት» አልኳቸው። ስልኩን ተቀብለው ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ለእህታቸው ልጅ ደወሉ።

እነዚህ ድረ ገጾች ጥቅም የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ለሚችሉት ሥራ ሲውሉ እጅግ ጠቃሚ ናቸው። በዚሁ ክረምት አንድ የእንግዳ ማረፊያ የደኅንነት ካሜራው መቅረጫ በየሌሊቱ እየተንቀራፈፈ ተቸግሮ ጠራኝ። የመግቢያ መዝገቡን ስከፍት በይለፍ ቃል ግምት ለመግባት የሞከሩ በርካታ አድራሻዎች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ ሳስገባቸው ሦስቱም ድረ ገጾች አድራሻዎቹ የውጭ አገር የሰርቨር አከራዮች መሆናቸውን ነገሩኝ። ከተማው ፍራንክፈርት ይሁን ሲንጋፖር ለእኔ ለውጥ የለውም፤ ማረፊያው ካሜራውን ከውጭ አገር ሰርቨር የሚያይበት ምክንያት ስለሌለው መቅረጫውን ከኢንተርኔት ፊት አነሣሁት፣ የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ። አገርና ባለቤት፣ እንዲሁም አድራሻው የተራ ደንበኛ ነው ወይስ የሰርቨር ቤት የሚለው፣ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አስተማማኝ መልስ የሚያገኙባቸው ናቸው።

የተሰረቀ ስልክ፣ የሚሳደብ ሰው ወይም የተጭበረበረ ገንዘብ ይዞ አድራሻውን ፈልግልኝ የሚለኝ ደንበኛ ግን በእነዚህ ገጾች አይረዳም። አድራሻን ከአንድ ደንበኛ ጋር ማገናኘት የሚችለው የራሱን መዝገብ የያዘው አገልግሎት ሰጪ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን አድራሻው የጋራ ከሆነ ሰዓቱን ከነሰከንዱና የፖርት ቁጥሩን (አንዱን አድራሻ የሚጋሩ ደንበኞች ግንኙነት የሚለይበትን ቁጥር) ይፈልጋል። መንገዱ በፖሊስና በፍርድ ቤት በኩል ነው። ስለዚህ ማስረጃ የሚይዝ ሰው የካርታውን ፎቶ ከሚያነሣ ይልቅ ትክክለኛውን ሰዓት ቢጽፍ ይጠቅመዋል።

ከሦስቱ የትኛውን እመርጣለሁ ለሚለኝ፣ ያለማመንታት ሦስተኛውን ነው። እሱም ቢሆን ከደሴ አዲስ አበባ ብሎኛል፤ ነገር ግን በነጥብ ፈንታ ሰፊ ክብ ይሥላል፣ የክቡንም ስፋት በኪሎ ሜትር ይጽፋል፣ ቪፒኤኑንም ቪፒኤን መሆኑን ለይቶ አሳየኝ። በሞባይል ዳታ የሣለው ክብ ደሴን ከነጦሳ ተራራዋ ውስጡ አስገብቷታል፤ ይህ ማወቅ የሚችለውን ያህል ብቻ የተናገረ መልስ ነው። አንደኛው ፈጣን ነው፣ ማስታወቂያም አይበዛበትም፤ ለአገርና ለባለቤት ጥያቄ ይበቃል። ሁለተኛውን ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ አጥፍቼዋለሁ።

መሻሻል የሚቻልበት መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የጋራ ደንብ መሠረት አንድ አገልግሎት ሰጪ የትኛው የአድራሻ ክምችት በየትኛው ከተማ እንደሚሠራ በተራ የጽሑፍ ፋይል ዘርዝሮ ይፋ ማድረግ ይችላል፤ መረጃ አጠናቃሪዎቹም ያንኑ ፋይል እየወሰዱ መዝገባቸውን ያርማሉ። ለሽቦ መስመሮች አንድ አንድ መስመር ተጽፎ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ቢባል፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የእኔ ሱቅ አዲስ አበባ አይገባም ነበር። ሦስተኛው ድረ ገጽ ስሕተት የሚጠቆምበት ቅጽ ስላለው የሱቁን መስመር ትክክለኛ ከተማ ሞልቼ ልኬለታለሁ፤ እስካሁን አልተስተካከለም፣ በየሰኞው እያየሁት ነው።